ስም የሌለው የሐይቁ ወፍ

ሃሜ ከሚባለው የዝምተኞች አገር ሰው ጋር ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ያለ ምንም ጥያቄ መንግሥተ ሰማያት መግባት አለባት። ይህንኑ ለቄሳችን ነግሬያቸው ነበር። እሳቸውም የሃሜ ሰው ናቸውና ዝም ብለው አዩኝ።

ስሜ ኦርቮኪ ይባላል፤ በምሥራቅ ድንበር ያለችው የካሬሊያ ልጅ ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ ከአገራችን ስንፈናቀል እናቴ ላሟን እየጎተተች፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ መንገድ ላይ ካገኘችው ሁሉ ጋር እያወራች ነው እዚህ ሃሜ የደረሰችው። የእኛ ሰው ሲከፋው ይናገራል፣ ደስ ሲለው ይናገራል፣ የሚለው ሲያጣ ደግሞ ስለ አየሩ ይናገራል። የሃሜ ሰው ግን ቤቱ ቢቃጠል ጎረቤት ላለማስቸገር ብሎ ብቻውን ነው የሚያጠፋው። ጎረቤቱም ጭሱን እያየ «ከፈለገኝ ይጠራኝ የለ» ብሎ ቁጭ ይላል።

ባሌ ታርሞ ለኦርኬስትራ የሚሆን ሙዚቃ ይደርሳል። ሥራው ሁሉ ስለ ተፈጥሮ ነው። ስለ ረግረግ ጽፏል፣ ስለ በረዶ መቅለጥ ጽፏል፣ ስለ አንዲት የጥድ ዛፍ ብቻ ተሰምቶ የማያልቅ ሙዚቃ ጽፏል። ስለ እኔ አንድ መስመር አልጻፈም፤ ይሁን፣ እኔ ጥድ አይደለሁም።

በዚያ ዓመት የያዘው ሥራ «የሐይቁ ንጋት» ይባል ነበር። አራት ክፍል አለው፤ ሦስቱ አልቀዋል፣ አራተኛው ቀርቷል። በመከር ወራት የከተማው ኦርኬስትራ ሊጫወተው ቀን ተቆርጦለታል። ሥራው ሁሉ የቆመው በአንድ ወፍ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ሐይቅ ዳር ባለችው ቤታችን ሳለን፣ ታርሞ ጎህ ሲቀድ የጀልባ መቆሚያችን ላይ ተቀምጦ ከደንገሉ ማዶ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። አንድ ረጅም ወደ ላይ፣ አንድ አጭር ወደ ታች። ሐምሌን ሙሉ በየማለዳው ሄዶ ሰማው። የከተማ ልጅ ስለሆነ የምን ወፍ እንደሆነ አላወቀም፤ መጽሐፍ ቢያገላብጥም አላገኘውም። እኔ ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ከአልጋ ስለማልወርድ ሰምቼው አላውቅም።

በጸደይ አንድ ጋዜጠኛ መጣ። ከእኔ ጋር በሳምንት አሥር ቃል የማይለዋወጥ ሰውዬ ለጋዜጠኛው ምላሱ ተፈታ! ስሙን የማያውቀው አንድ ወፍ ዜማውን እንደሰጠው፣ አሁን የሚያስፈልገው የሐይቁ ጸጥታ ብቻ እንደሆነ ዘረዘረለት። ጋዜጣው ላይ ከነፎቶው ወጣ። የሐይቁ ዙሪያ ሰው ሁሉ አነበበው። አንድም ሰው አንድም ነገር አላለንም፤ እኔም ያው የሃሜ ሰው ነው ብዬ ተውኩት።

ሰኔ ሲገባ ወደ ሐይቁ ወረድን። በመጀመሪያው ማለዳ ታርሞ ከመቆሚያው ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«አመመህ?»

«አይ።»

በማግሥቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም እንደዚያው። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ይቀመጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ጠረጴዛው ላይ እርሳሱ ትናንት ባስቀመጠበት ቦታ ነው። ሙዚቃው ቆሟል፣ መከር እየመጣ ነው፣ እኔ ከምድጃው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ምድጃው እመላለሳለሁ። የሚያናድድ ሲመጣ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። ሲፈላ የሚያፏጨው ማንቆርቆሪያችን ማፏጨቱን ትቶ ውሃው እስኪደርቅ ተጥዶ ተረሳብኝ፤ በዚህ አገር ዕቃውም ዝም ማለት ተማረ ብዬ ወርውሬ ጣልኩት። ትንኞቹ እንኳ ሳያስጠነቅቁ መንከስ ጀምረዋል። ድሮ ጆሮ ሥር እየጮሁ ነበር የሚመጡት፤ አሁን ዘው ብለው ክንድ ላይ ነው። ሬዲዮውን ከፍ ሳደርግ ታርሞ ምንም ሳይለኝ ይወጣና ደጅ ይቀመጣል።

በሰኔ የሚከበረው የዮሐንስ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው የእንፋሎት መታጠቢያችንን፣ ሳውናውን፣ አሞቅን። ሳውና ውስጥ የሃሜ ሰው ትንሽ ይላላል፤ ጨለማ ነው፣ ይሞቃል፣ ፊት ለፊት አይተያዩም። ታርሞ በጭልፋው ድንጋዩ ላይ ውሃ ቸለሰና እንፋሎቱ እስኪወርድ ጠበቀ።

«ለኦርኬስትራው ልደውልላቸው ነው» አለ።

«ምን ብለህ?»

«አልጨርሰውም ብዬ።»

ገላዬን የምጠበጥብበት የበርች ቅጠል ከእጄ ወደቀ። «ምን ማለትህ ነው አልጨርሰውም?»

«ጆሮዬ ሄዷል፣ ኦርቮኪ።»

«ምን አልክ?»

«ጆሮዬ!» አለ፣ በሕይወቱ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። «ሐኪሙ በጸደይ ነግሮኛል። በዕድሜ ቀጫጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው አለኝ። ወፉ እዚያው እየጮኸ ነው፣ እኔ ነኝ የማልሰማው። ዘንድሮ እሱ ሄደ፤ ቀጥሎ ዋሽንቱ፣ ከዚያ ቫዮሊኑ ይሄዳል። ደንቆሮ ሆኜ ሙዚቃ አልጽፍም።»

«ታዲያ እኔን አትጠይቀኝም ነበር? ሁለት ጆሮ ይዤ እዚህ ተጎልቼ! ‘ኦርቮኪ፣ ወፉ ይጮሃል ወይ?’ ማለት ምን ያህል ይከብዳል?»

ሌላ ጭልፋ ውሃ ቸለሰ።

«ብትሰሚውስ ኖሮ?» አለ በመጨረሻ።

እዚህ ላይ ልቤ ተነካ፤ አልዋሽም። ግን ከመነካቱ ይልቅ ንዴቱ ባሰብኝ። ሰውዬው መልሱን ፈርቶ ጥያቄውን ውጦ፣ ሰኔን ሙሉ ብቻውን ሲነድድ ከርሟል። እኔ ደግሞ የሚያቃጥለው ጨጓራው ነው ብዬ ገንፎ ስሠራለት!

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እኔው ራሴ መቆሚያው ላይ ተቀመጥኩ። ጉም ሐይቁ ላይ ተኝቷል። ደንገሉ አይነቃነቅም። ፀሐይዋ ከጥዱ ጫፍ በላይ እስክትወጣ ጠበቅኩ፤ ወፍ የሚባል ነገር አልሰማሁም።

«ወፍ የለም!» አልኩት ገብቼ። «ሄዷል፣ ሞቷል፣ ድመት በልቶታል፣ እኔ አላውቅም። የለም! ጆሮህ ምንም አልሆነም!»

«ለእኔ ብለሽ ነው» አለ።

«ስለ እግዚአብሔር! እኔ ለአንተ ብዬ ዋሽቼ አውቃለሁ? ያ የጥዱ ሙዚቃ እንዳሰለቸኝ በአዳራሹ ሰው ሁሉ ፊት የነገርኩህ እኔ አይደለሁም?»

«ነሽ» አለ። ግን አላመነኝም። ከበዓሉ በኋላ ሰኞ እንደሚደውል ነገረኝ። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ሆነብኝ።

በዚያው ዕለት፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ ሰናፍጭና ቋሊማ ልገዛ ወደ መንደሩ ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሱቋ ፒርኮ ይህን ሐይቅ ከነዓሣው ታውቀዋለች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት።

«ፒርኮ፣ ያ ወፍ ዘንድሮ የት ገባ?»

«የቱ ወፍ? ደግሞ አትጩኺብኝ፣ አጠገብሽ ነኝ።»

«የታርሞ ወፍ ነዋ! ጋዜጣ ላይ የወጣው።»

ፒርኮ ወደ ማቀዝቀዣው ዞራ የሆነ ነገር አጉረመረመች።

«እባክሽ አፍሽን ከፍተሽ ተናገሪ! እዚህ አገር ሰው ሁሉ ወደ ጉሮሮው ነው የሚያወራው።»

«የኦይቫ ጀልባ ነው እኮ አልኩሽ!»

ሰናፍጩን አስቀመጥኩት። ፒርኮ ቀይ ሆነች፣ ከዚያ ደግሞ ሳቋ መጣ።

«የኦይቫ ጀልባ። የግራ መቅዘፊያው የሚያርፍበት ብረት ዝጎ፣ ሲስበው ሲያወጣው ይንጫረራል። ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ከደንገሉ ጀርባ መረቡን ሊያነሳ ይሄድ የለም?»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ማን?»

«ሁሉም ነዋ! ቄሱም ያውቃሉ። ጋዜጣው የመጣ ቀን እዚሁ ቆመን እንባችን እስኪመጣ ነው የሳቅነው።»

«ታዲያ ባሌን አንድ ሰው አይነግረውም?»

ፒርኮ ሳቋን አቁማ ተገርማ አየችኝ። «ወፍ ነው ብሎ በጋዜጣ ላወጣ ሰው፣ ቤቱ ድረስ ሄደን ጀልባ ነው እንበለው? ነውር አይደለም እንዴ?»

ወደ ኦይቫ ቤት ብስክሌቴን እየገፋሁም እየነዳሁም ሄድኩ። ኦይቫ ከእኛ ቤት ማዶ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ሰላምታው አንድ ጣት ማንሳት ነው። ዳር ላይ አዲስ ነጭ የፕላስቲክ ጀልባ ታስሯል፤ እሱ መረብ ይጠግናል።

«ኦይቫ፣ አሮጌው ጀልባዎ የት አለ?»

ጣቱን ወደ ሐይቁ ገባ ወዳለው የአሸዋ ልሳን ቀሰረ። የመንደሩ ደመራ እዚያ ነው የሚቆመው። የሐይቁ ሰው አሮጌ ጀልባውን እንደ ማገዶ አይፈልጥም፤ ያረጀ ጀልባ በዮሐንስ ዋዜማ ደመራው ጫፍ ላይ ይወጣና በክብር ይቃጠላል።

«ለምን?»

«ይጮሃል።»

«ድሮስ ይጮህ አልነበር?»

መረቡን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ለማድረግ መዘጋጀት ነበረበት። «እመቤት፣ ባለቤትሽ ጸጥታ ይፈልጋል ተብሎ ተጽፏል። እኔ ደግሞ በየማለዳው በፊቱ እየተንጫረርኩ አልፋለሁ። አፈርኩ። በረዶው እንደቀለጠ ብረቱን ቅባት ቀባሁት። አሁንም እንጨቱ ሲንቋቋ ይሰማል፤ ስለዚህ ይቺን ዝም ያለችውን ገዛሁ።»

«ሄደው ‘አስቸግርሃለሁ ወይ?’ ብለው አይጠይቁትም ነበር?»

«ሥራ ላይ ያለ ሰው ይረበሻል እንዴ?» አለኝ፣ የእውነት ደንግጦ።

ራሴን ያዝኩ። አንዱ ወፍ መስሎት ጀልባ ያዳምጣል፣ አንዱ ወፍ መሆኑን ሳያውቅ ራሱን ቅባት ይቀባል፣ መንደሩ በሙሉ ደግሞ ያውቃል፣ ግን ነውር ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ዝንብ እንዳይገባ ብለው ባሌን ሊቀብሩት ነው!

ለታርሞ ልነግረው ቤት ስደርስ የለም። የመንደሩ ማኅበር ሰዎች መጥተው ይዘውት ሄደዋል፤ የዘንድሮውን ደመራ እንዲለኩስ ለታዋቂው ሰው ክብሩን ሰጥተውት ኖሯል። እኔ ደግሞ ይህን ማን ይንገረኝ! ብስክሌቴን አዙሬ ተመለስኩ።

ልሳኑ ላይ ስደርስ ፀሐይዋ ገና ከሐይቁ በላይ ነበረች። ሰው ሁሉ ቋሊማውን ይዞ በመሃሉ ሰፊ ቦታ እየተወ ቆሟል። ደመራው ከቁመቴ በላይ ነው፤ ጫፉ ላይ የኦይቫ ጀልባ ሬንጅዋ ጠቁሮ፣ አፍንጫዋ ወደ ውሃው ዞሮ ተቀምጣለች። ታርሞ የበዓል ልብሱን ለብሶ፣ የሚነድ ችቦ ይዞ፣ ቀብር የመጣ መስሎ ወደ እንጨቱ እየሄደ ነው።

«ታርሞ! ተው!»

አልቆመም። የሃሜ ሰው ሴት ስትጮህ ሲሰማ ስለ እሷ ያፍራል እንጂ አይቆምም። ሰው መሃል ጥሼ ገባሁ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ቋሊማ ተረከዜ ሥር ገባ፣ ክንዱን ያዝኩት።

«ወፍህ እዚያ ላይ ናት!»

«ምን?»

«ወፍህ! ያቺ ጀልባ ናት! የግራ መቅዘፊያዋ ብረት ነው ሲጮህልህ የኖረው። ኦይቫ ጸጥታ ፈለገ ብሎ ቅባት ቀባው። ይህ የቆመው ሰው በሙሉ ያውቃል፤ አንድም አልነገረህም! ጆሮህ አይደለም የሄደው፣ የእነዚህ ሰዎች ምላስ ነው!»

ሁሉም የጫማውን አፍንጫ ያያል። ቄሱም ያያሉ። ታርሞ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ቆመና ወደ ኦይቫ ዞረ።

«እውነት ነው?»

ኦይቫ ባርኔጣውን አወለቀ። «እንግዲህ» አለ።

«አንድ ረጅም ወደ ላይ፣ አንድ አጭር ወደ ታች?»

«ስስበው ነው ረጅሙ። ስመልሰው አጭሩ።» ትንሽ አሰበና፣ «ወፍ ቢባልም ግድ የለኝም» አለ።

ታርሞ ይስቃል ወይስ ያለቅሳል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ወደ ውሃው ሄዶ ችቦውን ነከረው። ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገር እጅጌውን ሰብስቦ ደመራው ላይ መውጣት ጀመረ። ሌሎቹም ቋሊማቸውን ሣሩ ላይ አስቀምጠው ተከተሉት። ጀልባዋን እንደ ሕፃን ተቀባብለው አወረዷት። አንዱ ከኦይቫ ሳውና ሙቅ ውሃና አመድ አመጣ፤ ብረቱን እያሹ፣ እያጠቡ፣ እያደረቁ ቅባቱን አወጡት። ይህ ሁሉ ሲሆን የሰማሁት «ያዝ» እና «ቀስ» ብቻ ነው።

ኦይቫ ገብቶ ወደ ደንገሉ ቀዘፈ። ነፋስ አልነበረም። ታርሞ ዳር ላይ እኔ አጠገብ ቆመ፤ እጁን ጆሮው ላይ አላደረገም። ሁለቱን እጆቹን ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ይዟቸዋል። ይህ ሰው ነገ እርሳሱን ያነሳል ወይስ አያነሳም፣ ሕይወታችን ሁሉ በዚያ ብረት ላይ ተንጠልጥሏል።

ጀልባዋ ከደንገሉ ጀርባ ገባች። ጠበቅን። ውሃው ድንጋዩን ቀስ ብሎ ይመታል፤ ሌላ ምንም የለም። ኦይቫ ምን ያጓትታል ብዬ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ ሰው አቁሞ ሰውዬው መቅዘፉን ትቶ ተቀምጧል! «ኦይቫ፣ ይጀምሩ እንጂ!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ያኔ የፒርኮን ውሻ አየሁት። ሁለቱ ጆሮዎቹ ወደ ደንገሉ ቆመዋል።

ፒርኮ አፏን በእጇ ይዛለች። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል። ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ አንድ ቦታ አዘንብሏል፤ ረጅም ጊዜ፣ ከዚያ አጭር። የታርሞ ትከሻ ወደቀ፣ እጆቹ ከኪሱ ወጡ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አይቼው የማላውቀው እንባ ጉንጩ ላይ ወረደ። እኔ ውሃው ድንጋዩን ሲመታ እሰማለሁ። ልቤ ሲመታ እሰማለሁ። ሌላ ምንም አልሰማም።

ማንቆርቆሪያው ትዝ አለኝ። ደህና የነበረ ማንቆርቆሪያ ነው የጣልኩት። ሬዲዮው፣ «አትጩኺብኝ» ያለችኝ ፒርኮ፣ ወደ ጉሮሮው የሚያወራው አገር ሁሉ ተከታትሎ መጣብኝ።

ታርሞ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

«ሰማሽ?»

እኔ ኦርቮኪ፣ የካሬሊያ ልጅ፣ ዝምታን ሳወግዝ የኖርኩ ሴት፣ መናገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ያንን ፊት እያየሁ ከየት ላምጣው?

«ሰማሁ» አልኩት።

እጄን ይዞ ጨመቀኝ፤ ከዚያ ወደ ቤት ሮጠ፣ በዚያ ዕድሜው ሮጠ፣ እርሳሱ ወዳለበት። ከኋላዬ ሰዎቹ ደመራውን ያለ ጀልባ ለኮሱት። ኦይቫ ከደንገሉ ወጥቶ ከሩቅ አንድ ጣቱን አነሳልኝ፣ እኔም አንድ ጣቴን አነሳሁለት። ክንዴ ላይ አንዲት ትንኝ መጥታ አረፈች። ክንፎቿ ሲርገበገቡ ይታዩኛል፤ ወደ ጆሮዬ አስጠጋኋት፣ በጣም አስጠጋኋት፣ ከዚያ ጠጥታ እስክትሄድ ድረስ ተውኳት።